ግልባጭ ለግል ማኅደሩ

የመጀመሪያውን የድጋፍ ደብዳቤዬን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንደዚሁ። በእኛ መሥሪያ ቤት ሌላ ዓይነት የድጋፍ ደብዳቤ አልነበረም። ሰው አለቃው ዘንድ ይገባና «ዶክተር፣ ደብዳቤ ፈልጌ ነበር» ይላል፤ አለቃው ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «ጽፈህ አምጣው፣ እፈርማለሁ» ይለዋል። ከዚያ ቤትህ ገብተህ በሌላ ሰው አፍ ራስህን ታሞግሳለህ። «በሥራ ዘመኔ እንደ እሷ ያለ ተመራማሪ አላጋጠመኝም» ብዬ ስጽፍ መጀመሪያ ፊቴ ጋለ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን አምኜዋለሁ።

ደብዳቤዎቹ የሚሄዱት ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን ነበር። ባዮሜዲካል ምርምር ላይ ያለ ሰው ጥሩ የታተመ ሥራ ካለው፣ ቀጣሪ ሳይጠራው በራሱ ስም የሚያመለክትበት መንገድ አለ። እንደ ዲቪ ዕጣ አይጠበቅበትም፣ እዚያ ዘመድ ይኑርህም አይባልም። «የሠራሁት ሥራ ለእናንተም ይጠቅማል፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ» ብሎ በወረቀት ማሳመን ብቻ ነው። ጣጣው ያለው «የሠራሁትም እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ነው።

ይህን መንገድ ያገኘው እኔ ሳልሆን የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሰበታ ተወልዶ ሰበታ ያደገ፣ በስድስት ዓመት የሚበልጠኝ፣ የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ሆኖ ተቀጥሮ ማስተርሱን ቅዳሜና እሁድ እየተማረ የጨረሰ ሰው ነበር። ጸባዩ ደረቅ ነው። ምሳ ዕቃዬን ሳይጠይቅ ከፍቶ ይበላል፤ በልቶም ጨው አነሰው ይላል። ሥራ ላይ ስህተት ካየ አያልፍም፤ ለልምምድ የመጡ ተማሪዎችን ሁለት ሦስት ጊዜ አስለቅሷል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ተወልጄ፣ የቤት ኪራይ ሲገፋኝ ቡራዩ የገባሁ ነኝ። «የገበሬ ጤፍ ማሳ ላይ ሳሎን ዘርግተሽ እንቅልፍ ይወስድሻል?» ይለኝ ነበር። «አንተስ ሰበታ ላይ የተኛኸው በማን ማሳ ላይ ነው?» ስለው «እኔማ በአባቴ» ይላል። እሱም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ያኔ ገና በዚህ መቀለድ ይቻል ነበር።

የምንሠራው በሳንባ ነቀርሳ ላይ ነው። ከሱሉልታ፣ ከቡራዩና ከሰበታ ጤና ጣቢያዎች የታማሚዎች አክታ በአይስ ቦክስ ይመጣልናል። እኛ ጀርሙን አብቅለን የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እናያለን። ከማብቀሉ በፊት ግን አክታው ውስጥ ያለው ሌላው ጀርም እንዲጠፋ በኬሚካል ይታጠባል። እጥበቱ ከበዛ የምንፈልገውም አብሮ ይሞታል፤ ካነሰ ሌላው ጀርም ሁሉን ይወርሰዋል። መመሪያው ላይ የእጥበቱ ደቂቃ ለሁሉም አንድ ነው። በጣም ቆይቶ የደረሰ ናሙና ደግሞ ይጣላል፤ ይህም የመመሪያው ቃል ነው።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። ከተማዋ ወደ ዙሪያዋ ልትሰፋ ነው ተባለ፤ የዙሪያው ገበሬ ደግሞ መስፋት ማለት ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ከፕላን አውጪዎቹ በፊት ያውቀው ነበር። መንገድ ይዘጋ ጀመር። ድንጋይ ይደረደራል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ ይሰማል። የቡራዩ ሚኒባሶች ከአስኮ ይመለሳሉ፤ ዓለም ገና ላይ ባጃጅ እንኳ አይገኝም። ኢንተርኔት ይጠፋል። ሰው ሞተ፣ ሰው ታፈሰ ይባላል፤ የሚባለውም በሹክሹክታ ነው። የእኛ ሳጥኖች በየጤና ጣቢያው ሁለትና ሦስት ቀን ይከርማሉ።

አንድ ጠዋት ባልደረባዬ አንዱን ሳጥን በትከሻው ይዞ ገባ። ከዓለም ገና እስከ አየር ጤና በእግሩ ነው ተሸክሞት የመጣው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

«በከንቱ ደከምክ። ጊዜው አልፏል፣ ይጣላል» አልኩት።

«ለምን ይጣላል? ሰዎቹ ሌላ መላክ አይችሉም፣ መንገዱ ዝግ ነው።»

«መመሪያው ይጣል ይላል።»

«መመሪያውን የጻፈው ሰውዬ ዓለም ገናን አያውቃትም» አለና ጓንቱን አጠለቀ። «መንገድ ያደከመውን ጀርም እንደ ደህናው ብታጥቢው ይሞታል። እኛ ነን የምንገድለው። የመንገዱ ሰዓት በረዘመ ቁጥር የእጥበቱን ደቂቃ ማሳጠር ነው።»

ሳቅሁበት። እሱ ግን አንድ የካሬ ደብተር ገዛና ሦስት ዓምድ አሰመረበት፤ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። ሱሉልታ ብርድ ነው፣ ቡራዩ ቅርብ ነው፣ የሰበታው ሞቆ ነው የሚደርሰው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር በዚያች ደቃቅ ጽሑፉ አዲስ መስመር ይጽፋል። የአክታውን ውፍረትና ቀለም በዓይኑ አይቶ ግማሽ ደቂቃ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። ከአንድ ወር በኋላ ልንጥላቸው የነበሩት ናሙናዎች ማብቀል ጀመሩ። ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም፤ ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ በኋላ ከምናገረው ጋር ይሄዳል። መንገድ ተዘጋ ሲባል ስለ ሰው ከመደንገጤ በፊት «ናሙናው ስንት ሰዓት ይቆይ ይሆን?» እል ጀመር። መንገዱ ለአንድ ሳምንት ሰላም ሲሆን ደብተሩ ባዶ ይሆንና ቅር ይለኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ቡራዩ ላይ ከቤቴ በሦስተኛው ግቢ ድንኳን ተተከለ። ልጃቸው ከመንገድ ሳይመለስ የቀረባቸው ሰዎች ናቸው፤ ውኃ ሲጠፋ ከጉድጓዳቸው የሚያስቀዱኝ። ለቅሶ አልደረስኩም። የጽሑፉን ሠንጠረዥ እያስተካከልኩ ነበርና ነገ እደርሳለሁ አልኩ፤ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ፈረሰ።

ጽሑፉን በእንግሊዝኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የመጀመሪያው ስም የእኔ ሆነ፣ ሁለተኛው የእሱ፣ የመጨረሻው የክፍል ኃላፊያችን። ቅር ይለው እንደሆነ ጠየቅሁት። «አንቺ ጻፍሽው፣ እኔ ሠራሁት፣ እሱ ፈረመበት። ተከፋፍለናል» አለኝ። ጽሑፉ ታተመ፤ ሰዎችም ይጠቅሱት ጀመር።

ስለ ማመልከቻው የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ምሳ ዕቃዬን እየበላ። ውጭ ካለ የድሮ አብሮ አደጉ ነው የሰማው። ቤት የሠራበት የአባቱ መሬት ዳር ላይ በዚያ ሳምንት ችካል ተተክሎ ነበር፤ ለማን እንደሆነ የሚናገር የለም። «መሬቱ የእኔ አይደለም ይሉኛል፣ ላብራቶሪውም የእኔ አይደለም። የእኔ የምለው ይህ ደብተር ብቻ ነው። በእሱ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ» አለኝ። ከዚያ አሰብ አደረገና «አንቺ ቅደሚ» አለኝ። «እንግሊዝኛሽ ይሻላል። ያንቺን አስገቢና በዚያው ቅርጽ የእኔን ትጽፊልኛለሽ።»

እሺ አልኩት። ስለውም ከልቤ ነበር።

ቦሌ አካባቢ እንዲህ ያለ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ሰውዬ አገኘሁ። ጽሑፉን ገልብጦ ገልብጦ አየና ጣቱን ሁለተኛው ስም ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ማነው?»

«ባልደረባዬ ነው።»

«ኦፊሰሩ ዋናውን ነገር የሠራው ይሄኛው ቢሆንስ ይላል። ይህን በር ዝጊ። ድርሻው ምን እንደነበር ኃላፊሽ በደብዳቤው ላይ ግልጽ ያድርግ። ትንሽ ድርሻ።»

ያን ዕለት ማታ ጻፍኩት። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ ዘዴውን ብቻዋን አስባ የፈተነችው እሷ ናት፤ በጽሑፉ ላይ ሁለተኛ ሆኖ የተጠቀሰው ባልደረባ ድርሻ በእሷ መመሪያ መሠረት ናሙና ከሰበታ ማመላለስ ነበር። ከዚያ የእሱን ሙሉ ስም እስከ አያቱ ጻፍኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ውሸት አይደለም ብዬም ነበር፤ ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሞ ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁና።

ኃላፊያችን ሲያነብ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆም አለ። «እሱ ናሙና ነበር እንዴ የሚያመላልሰው?» አለኝ።

«አዎ ዶክተር፣ ሰበታ ስለሚኖር።»

ፈረመ።

የቦሌው ሰውዬ ፊርማ ብቻ ይበቃል ብሎኝ ነበር። አሜሪካኖቹ ማኅተም አይጠይቁም፣ የቢሮው አርማ ያለበት ወረቀት ከሆነ በቂ ነው ብሎኛል። እኔ ግን ማኅተም በሌለው ደብዳቤ ቀበሌ እንኳ ገብቼ አላውቅም። ሰማያዊ ክብ ያላረፈበት ወረቀት አሜሪካን ያህል አገር ሲቀበለው ሊታየኝ አልቻለም። ስለዚህ መዝገብ ቤት ይዤው ገባሁ። የሠራሁት ስህተት ይህ ብቻ ነው እያልኩ ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ፤ መናደዴ ራሱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ይናገራል።

መዝገብ ቤቱን የያዙት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ጡረታቸው የደረሰ ሴት ነበሩ። እንግሊዝኛ አያነቡም እያልን እንስቅባቸው ነበር። ደብዳቤውን ተቀበሉኝ፣ የፕሮቶኮል ቁጥር ሰጡት፣ ማኅተሙን እፍ ብለው መቱት። ከዚያ ወደ ፎቶ ኮፒው ዞረው ሦስት ቅጂ አነሱ። ለምን ሦስት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። የሠራተኛ ስም ያለበት ማንኛውም ደብዳቤ ግልባጩ በዚያ ሠራተኛ የግል ማኅደር ይገባል፤ እሳቸው ሠላሳ ዓመት የሠሩት እንደዚያ ነው። አንዱ ለወጪ ደብዳቤ ፋይል፣ አንዱ ለእኔ ማኅደር፣ አንዱ ለእሱ። እኔ ማኅተሙ ሳይደርቅ እንዳይደበዝዝ በሁለት ጣቴ ይዤ እየሳቅሁ ወጣሁ።

ማመልከቻዬ ሄደ። መልስ እየጠበቅሁ ሳለ ሁከቱ ባሰ። የጅማ መንገድ ለቀናት ተዘጋ፤ ባልደረባዬ ሰበታ ቀረ። ስልክ በሠራባት አንዲት ሰዓት ውስጥ ደወለልኝ። የአጎቱ ልጅ ቅዳሜ ወደ አሜሪካ ይበራል፣ ሰነዶቹን ይዞለት ሄዶ ከዚያው በፖስታ ያስገባለታል። ሁሉ ነገር ተሟልቷል፤ የቀረው የኃላፊያችን ደብዳቤ ብቻ ነው። «ዘዴው የማን እንደሆነ ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እባክሽ ጽፈሽ አስፈርሚልኝ» አለኝ። በሕይወቱ እባክሽ ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ጻፍኩለት። እውነቱን ጻፍኩለት፤ ሳጥኑን፣ ዓለም ገናን፣ ደብተሩን፣ ሦስቱን ዓምድ፣ በዓይኑ አይቶ የሚጨምረውን ግማሽ ደቂቃ። እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጽፌ አላውቅም። ለራሴ ከጻፍኳቸው ሁሉ ይበልጣል፤ የማሞግሰው ነገር በእርግጥ ስለነበረ ይሆናል። ኃላፊያችን ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ሳያነብ ፈረመልኝ። ከልማዴ የተነሳ ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ።

እትዬ ማኅደሩን አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ መጀመሪያ አዲሱን ከዚያም ማኅደሩ ውስጥ ያለውን አነበቡ። ሁለቱንም እንግሊዝኛ ነው ያነበቡት። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄኛው ሰውዬው ናሙና ያመላልሳል ይላል። ያኛው ዘዴውን ያወጣው እሱ ነው ይላል። ሁለቱም የዶክተሩ ፊርማ ነው። እኔ እርስ በርሱ በሚጣላ ወረቀት ላይ ማኅተም አልመታም። የፊተኛው ይሻር የሚል አንድ መስመር አጽፈሽ አምጪ፣ አሁኑኑ እመታለሁ።»

«የትኛው ነው ልክ?» ብለው አልጠየቁኝም። ዓይኔን ብቻ አዩኝ።

አንድ መስመር። ኃላፊያችን እንደሆነ የሰጡትን ይፈርማል። ግን የፊተኛው ሲሻር የእኔ ማመልከቻ የቆመበት እግር ይሰበራል። ደግሞም ማኅተም እንደማያስፈልግ አውቃለሁ፤ ፊርማው አርፎበታል፣ እንዲሁ ልሰጠው እችል ነበር። የአጎቱ ልጅ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ በታክሲ ግማሽ ሰዓት ነው። ግን በአንድ ጽሑፍ፣ በአንድ ሰው ፊርማ፣ ሁለት ማመልከቻ እዚያ ማዶ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኝ ብዬ አሰብኩ። ከእትዬ እጅ ወረቀቱን ተቀበልኩና አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አርብ ደወለ። «ዶክተሩ አልፈርምም አለ» አልኩት።

ከበስተጀርባው የልጆቹ ድምፅ ይሰማል። «ለምን?» አለኝ።

«ጸባዩን ታውቀዋለህ» አልኩት።

«አውቀዋለሁ» አለና ቀስ ብሎ «አንቺ ግን ለፋሽልኝ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ዘጋው። ቅዳሜ የአጎቱ ልጅ በረረ።

ከጥቂት ወራት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ድልድል አወጣ። ሁሉም ሠራተኛ በማኅደሩ ታይቶ አዲስ መደብ ይሰጠዋል። ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ እንደ ሌሎቹ ሰዎች ቦርዱ ስር ተጋፍቼ የራሴን ፈለግሁ፤ ከፍ ብያለሁ። የእሱ ስም ከታች ነበር፦ ናሙና አመላላሽ፣ ምድብ ቦታ ሰበታ። ቅሬታ አቀረበ። ኮሚቴው ማኅደሩን ከፍቶ በኃላፊው ፊርማና በማኅተም የተረጋገጠውን ደብዳቤ አሳየው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? አሉት። ኃላፊያችን ዘንድም ገባ። ዶክተሩ የፈረመውን ነገር አስታውሶ አልሽርም አለ፤ ኃላፊ አንዴ የጻፈውን መልሶ ሲሽር ምን ይባላል ብሎ።

በማግስቱ ጠዋት ይጮህብኛል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር። ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፤ የርክክብ መዝገቡን ከፍቶ እስክሪብቶ አቀበለኝ።

«ይፈርሙልኝ» አለኝ።

በስድስት ዓመት የሚበልጠኝ ሰው፣ ምሳ ዕቃዬን ሲበላ የኖረ ሰው፣ እርስዎ አለኝ። የፌዝ ፈገግታ እንኳ አልነበረበትም። ፈረምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በሰው ፊት «እንደምን አደሩ፣ ይፈርሙልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይለኛል። አዲስ የገቡት ልጆች አለቃው እመስላቸው ነበር። በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱም ይህን አውቆ ነው ያደረገው።

ደብተሩን ይዞት ሄደ። አመላላሽ ላብራቶሪ ውስጥ ገብቶ መሥራት ስለማይፈቀድለት እጥበቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ሠንጠረዡ በስሜ ታትሟል፣ ፊቴ ለጥፌዋለሁ፤ ሰዓቱን አሰላለሁ፣ ደቂቃውን እቀንሳለሁ። አይበቅልም። ወይ ይሞታል ወይ ሌላ ጀርም ይወርሰዋል። እሱ በዓይኑ አይቶ የሚጨምራት ግማሽ ደቂቃ ሠንጠረዡ ላይ የለችም፤ ስጽፈው እንዴት እንደሚለያት አልጠየቅሁትም። ለአንድ ወር ያህል ታገልኩና ተውኩት። ወደ መመሪያው ተመለስን። የዘገየ ሳጥን ሲመጣ ውድቅ ብዬ እጽፍበታለሁ፣ እሱ ይቀበለኝና ወደ ሰበታ ይዞት ይመለሳል። ለታማሚዎቹ ውጤት የለም ብሎ የሚነግራቸው እሱ ነው። ስንቶቹ ሁለተኛ አክታ ለመስጠት እንደተመለሱ አላውቅም።

ማመልከቻዬ አለፈ። የፈቃዱ ደብዳቤ «ዘዴውን ብቻዋን አስባ የፈተነች» ይላል፤ የራሴን ቃል መልሰው ላኩልኝ። ኢንተርቪውም አለፈ፣ ቪዛው ተመታ።

መሥሪያ ቤት ሲለቀቅ ክሊራንስ የሚባል ወረቀት ይዞ ከክፍል ክፍል መዞር አለ። እያንዳንዱ ክፍል ሠራተኛዋ በእጇ የክፍሉ ንብረት እንደሌለ ጽፎ ይፈርማል። ቤተ መጻሕፍቱ ፈረመ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ፈረመ፣ እትዬ ቀና ብለው ሳያዩኝ ፈረሙ። የመጨረሻው መስመር «ናሙና ማሰባሰቢያ፣ ሰበታ» ይላል። የሰው ኃይል ክፍል ሰዎችን እሱን ዝለሉልኝ ብላቸው እምቢ አሉኝ።

ጠዋት ሄድኩ። ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጥላ ስር፣ ከአንዲት የሳንቃ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ አክታ ሊሰጡ የመጡ ሰዎች ተሰልፈዋል። አንድ ሽማግሌ ገበሬን ብድግ ብሎ በኦሮምኛ አዳራቸውን ጠየቃቸው፣ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። እሳቸውም በአክብሮት ኦቦ እያሉ መለሱለት። ወደ እኔ ሲዞር «እንደምን አደሩ» አለኝ።

ወረቀቱን ሰጠሁት። ከላይ እስከ ታች አነበበው። ያን ሁሉ ክፍል ስዞር ያነበበው እሱ ብቻ ነው።

«ቪዛው መጣልዎት?»

«መጣ።»

«እንኳን ደስ አለዎት» አለና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

ከሁለት ዓመት በኋላ አንቺ ሲለኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። ፊቴን ወደ ሰልፉ አዞርኩ።

«ዶክተሩ ያኔ ፈርሜላት ነበር ብሎኛል። እትዬም አንድ መስመር አጽፈሽ አምጪ እንዳሉሽ ነግረውኛል። ደብዳቤዬ የት ደረሰ?»

«ቀደድኩት» አልኩት።

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከፓስፖርቴ ጋር በአንድ ፖስታ። ያን ዕለት ልሰጠው ብዬ ይዤው የወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ከቡራዩ እስከ ሰበታ መንገዱን ሙሉ ይህን ብዬ እንዲህ እሰጠዋለሁ እያልኩ ነው የመጣሁት። ያልቀደድኩትም አዝኜለት አይደለም፤ ጥሩ ጽሑፍ ስለሆነ ሳሳሁለት። ልሰጠው ቦርሳዬን ስነካ ግን ገና አውሮፕላን አልተሳፈርኩም ብዬ አሰብኩ።

«እንግዲያው አሁን ጻፊልኝ» አለኝ። «አንቺ ጨርሰሻል። እትዬ ያሉሽን አንዷን መስመር ብቻ፤ የፊተኛው ይሻር፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ውሸት ነው በይ። በእጅ ጽሑፍሽ ይሁን፣ ይበቃኛል።» የሰልፉ ሰዎች ያዩናል። «ልጆቼ እኮ እያደጉ ነው» አለኝ።

«ስደርስ ጽፌ እልክልሃለሁ» አልኩት።

ጥቂት አየኝና ራሱን ነቀነቀ። እስክሪብቶውን አነሳ።

«በእጇ የሚገኝ የክፍሉ ንብረት ይላል። ምን ልበል?»

«የለም በል» አልኩት።

በዚያች ደቃቅ ጽሑፉ የለም ብሎ ጻፈና ፈረመ። ወረቀቱን ሲመልስልኝ «ነጋን ገሊ» አለኝ፤ በሰላም ግቢ ማለት ነው። ከዚያ ከሰልፉ ፊት የቆመችውን ሴት ጠራት።

ስደርስ አልጻፍኩም። ግሪን ካርዱ ይምጣ አልኩ፣ መጣ። ዜግነቱ ይለፍ አልኩ፣ አለፈ። አሁን በአንድ ትልቅ ላብራቶሪ ውስጥ ጥሩ ሥራ አለኝ፤ ስለ እጥበት የሚጠይቀኝም የለም። ከአገር ቤት ወጣት ተመራማሪዎች ለማመልከቻቸው የድጋፍ ደብዳቤ ይለምኑኛል። «ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ እፈርማለሁ» እላቸዋለሁ። ዶክተሩ እንደሞተ ከእነሱ ነው የሰማሁት፤ ስለዚህ ያን ደብዳቤ ደግሞ የሚፈርም ሰው ከእንግዲህ የለም። ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፣ እሱም በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ፊርማው አልደበዘዘም።

ይህን ስጽፍ የማንንም ስም አልጠራሁም፤ ለጨዋነት ብዬ እንዳይመስላችሁ። ስሙን ብጽፍ አንድ ሰው አትሞ ሰበታ ያደርስለታል፣ እሱም ይዞት መዝገብ ቤት ይገባል። ስም የሌለበት ወረቀት በማንም ማኅደር አይገባም። ይህን አውቄ ነው የጻፍኩት።